የመንግሥት ጨረታና የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ

መንግሥት ከሸማቾች ሁሉ ትልቁ ሸማች ነው። ለወታደሩ ጫማና የደንብ ልብስ፣ ለባሕር ኃይሉ ብረት፣ ለመሥሪያ ቤቶቹ ወረቀትና ኅትመት፣ ለፖስታ አዳዩ ኮትና ቦርሳ ይገዛል። የሚያወጣው የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነም፣ የግዥ ደንቦች ዕቃው የተጠየቀውን መስፈርት እስካሟላ ድረስ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች እንዲያሸንፍ ያዝዛሉ። ደንቡ የተበጀው ሹማምንት ሥራውን ለዘመድና ለጉቦ ሰጪ እንዳያድሉ ለመከልከል ነበር፤ በዚያ ረገድ አገልግሎቱ የሚናቅ አይደለም። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የቆዳ፣ የጨርቅና የክር ዋጋ ለሁሉም ተጫራች ተቀራራቢ በሆነበት ሥራ፣ ከተወዳዳሪ ዝቅ ያለ ዋጋ ለማቅረብ የሚቀነሰው ከሠራተኛው ክፍያ ላይ ነው። ስለዚህ ደህና የሚከፍለው አምራች በጨረታው ይሸነፋል፣ ሠራተኛውን የሚያስርበው ያሸንፋል። መንግሥት ውል የሚሰጣቸውን አምራቾች በሙያውና በአካባቢው የተለመደውን ደመወዝ እንዲከፍሉ የሚያስገድደው ደንብ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ታሪኩ በይበልጥ የብሪታንያ፣ የካናዳና የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቤቱታው ከደንቡ ብዙ ዓመት ቀድሞ ተሰምቷል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜኑን ጦር ልብስ ይሰፉ ከነበሩት መካከል ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶች ይገኙበት ነበር። በፊላደልፊያ የሚገኘው የስኩልኪል የጦር ግምጃ ቤት የተቆረጠውን ጨርቅ በቀጥታ ለሴቶቹ እያደለ በሰፉት ልክ ይከፍላቸው ነበር። ጦርነቱ እየሰፋ ሲሄድ ብዙው ሥራ ለግል ኮንትራክተሮች ተላለፈ፤ እነርሱም ለዚያው ሱሪና ለዚያው ሸሚዝ ግምጃ ቤቱ ከሚከፍለው ያነሰ ይከፍሉ ጀመር። በ1864 የፊላደልፊያ ልብስ ሰፊዎች አቤቱታ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ዘንድ ደረሰ፤ ፕሬዚዳንቱም ለጦር ሚኒስትሩ ለኤድዊን ስታንተን መሩት። በ1865 የሲንሲናቲ ሴቶች ተመሳሳይ ማመልከቻ አቀረቡ። የለመኑት ሥራው በኮንትራክተር እጅ ሳያልፍ ከመንግሥት በቀጥታ እንዲሰጣቸው ነበር። መካከለኛውን ሰው ከመካከል ማውጣት እንጂ፣ መካከለኛውን በውል ማሰር ገና የተለመደ ሐሳብ አልነበረም።

በብሪታንያ ጉዳዩ የፖለቲካ ጥያቄ የሆነው በ1880ዎቹ ነው። በምሥራቅ ለንደን ጠባብ ክፍሎች ተፋፍገው ልብስ፣ ጫማና የቤት ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ኑሮ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ። ሥራው ከዋናው ነጋዴ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋዩ ወደ ሌላ አከፋፋይ ይተላለፋል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ይቆርጣል፤ መርፌ የያዘው ሰው ዘንድ ሲደርስ የቀረው ክፍያ ለዕለት ጉርስ አይበቃም። የላይኛው ምክር ቤት በ1888 በሎርድ ደንራቨን ሰብሳቢነት ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ እስከ 1890 ምስክር ሲያሰማ ቆየ። ከተሰማው ሁሉ ለመንግሥት እጅግ አሳፋሪ የነበረው የገዛ ጦሩ ልብስ በዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ማለፉ ነው። በሠራተኛው መራብ የሚያተርፈው ነጋዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በገበያ ማመካኘት ይቻል ነበር፤ ገዢው ራሱ መንግሥት ሲሆን ግን ሰበቡ አያስኬድም። የለንደን የትምህርት ቦርድ ማዕከላዊውን መንግሥት ሳይጠብቅ በ1889 የደመወዝን ጉዳይ በውሎቹ ውስጥ አስገባ፤ የለንደን ካውንቲ ምክር ቤትም ተከተለው።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1891 ሲድኒ በክስተን የተባሉት የሊበራል ፓርቲ እንደራሴ ያነሡትን ሐሳብ የታችኛው ምክር ቤት አሻሽሎ ተቀበለው። በሥልጣን ላይ የነበረው ወግ አጥባቂው መንግሥትም አልተቃወመም። ይህ የፍትሐዊ ደመወዝ ውሳኔ የሚባለው ሰነድ ሦስት ነገሮችን ይዟል። አንደኛ፣ መንግሥት በሚሰጠው ውል ሁሉ የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ያጋለጣቸውን ጉዳቶች የመከላከል ግዴታ አለበት። ሁለተኛ፣ ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፎ የሚሰጥበት አሠራር መገታት አለበት። ሦስተኛ፣ ኮንትራክተሩ በሙያው ብቁ ለሆነ ሠራተኛ እንደ ተለመደ የሚቆጠረውን ደመወዝ እንዲከፍል ማናቸውም ጥረት መደረግ አለበት። ሰነዱ ሕግ አልነበረም። ምክር ቤቱ ለመሥሪያ ቤቶች የሰጠው መመሪያ ስለሆነ በየውሉ አንቀጽ ሆኖ ካልገባ በቀር ማንንም አያስርም። በዚህም ምክንያት ምክር ቤቱ ለግል አሠሪዎች ደመወዝ ደነገገ የሚል ክርክር ሳይነሣበት በቀላሉ አለፈ፤ ገዢ ሸቀጡን በምን ሁኔታ እንደሚገዛ መወሰኑ መብቱ ነውና።

ድካሙም ከዚያው መነጨ። ውሉ የሚፈረመው በመሥሪያ ቤቱና በኮንትራክተሩ መካከል ነው፤ ሠራተኛው የውሉ ተካፋይ አይደለም፣ ስለዚህ ደመወዜ ጎደለ ብሎ በውሉ መክሰስ አይችልም። የሚችለው ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከት ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ኮንትራክተሩን ይጠይቃል፤ ኮንትራክተሩም የተለመደውን እከፍላለሁ ይላል። የተለመደ የሚባለው የትኛው ነው? የሠራተኛ ማኅበሩ የተስማማበት ነው ወይስ አሠሪዎች በተግባር የሚከፍሉት? የለንደኑ ነው ወይስ ፋብሪካው ያለበት የገጠር ከተማ? የ1891 ሰነድ ለነዚህ መልስ አልነበረውም። እነዚሁ ጥያቄዎች ከመቶ ዓመት በላይ በሌሎች አገሮችም እየተነሡ ደንቡን ሲያንገላቱት ይታያሉ።

የሰነዱን ጉድለት በአደባባይ ያሳዩት የኖርዛምፕተንሻየር ጫማ ሰፊዎች ናቸው። ራውንድስ በምትባለው ትንሽ ከተማና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ለጦሩ በእጅ የሚሰፋ ጫማ በመሥራት ይተዳደሩ ነበር። ለእያንዳንዱ የጫማ ዓይነት የሚከፈለው ዋጋ በስምምነት የተወሰነ ቢሆንም፣ አምራቾቹ ጨረታ ለማሸነፍ እርስ በርሳቸው ዋጋ በሰበሩ ቁጥር ጉድለቱን የሚሞሉት ከሰፊዎቹ ክፍያ ላይ ነበር። የጦር ሚኒስቴር ርካሹን ጫማ ተቀብሎ ዝም አለ። ሜይ 8 ቀን 1905 ቀድሞ ወታደር በነበረው በጫማ ሠራተኞች ማኅበር አደራጅ በጄምስ ግሪብል መሪነት 115 ሰዎች ወደ ለንደን በእግር ጉዞ ጀመሩ። የተጓዙት በወታደር ሥርዓት ተሰልፈው ነው፤ ግሪብልም ጄኔራል የሚል ቅጽል ወጣለት። ሰዎቹ ጫማ የሚሰፉለትን ሠራዊት ሰልፍ ይዘው ሠራዊቱን ወደሚያስተዳድረው ሚኒስቴር መሄዳቸው ለጋዜጦች ጥሩ ርእስ ሆነ፤ በየመንገዱም ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። ለንደን ሲደርሱ ሚኒስትሩ ሊያነጋግሯቸው ስላልፈቀዱ፣ ግሪብል ከታችኛው ምክር ቤት የእንግዶች ሰገነት ላይ ሆኖ ጮኾ በመናገሩ እየተገፈተረ ወጣ። ጩኸቱ ግን ከንቱ አልቀረም። መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምሩ ጆርጅ አስክዊዝን ሾመ፤ ለጦር ጫማ ሥራም አንድ ወጥ የክፍያ ዝርዝር ወጣ።

ምክር ቤቱ ማርች 10 ቀን 1909 ውሳኔውን አሻሻለ። አሁን ኮንትራክተሩ መክፈል ያለበት በሙያውና በወረዳው አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በጋራ የሚያውቁትን ደመወዝ ሆነ፤ የሥራ ሰዓቱም እንዲሁ። እንዲህ ያለ የታወቀ ልክ ከሌለ በደግ አሠሪዎች ዘንድ በተግባር የሚሠራበት ይወሰዳል። ደግ አሠሪ የሚለው አነጋገር ለሕግ ሰው ጆሮ ልል ቢመስልም በሥራ ላይ ግን ከመጀመሪያው ሰነድ የተሻለ ያዘ፤ መነሻው የክፉው አሠሪ ዋጋ እንዳይሆን ከልክሏልና።

ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ በፍጥነት ተዛመተ። በፈረንሳይ የንግድ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሚልራን ኦገስት 10 ቀን 1899 ባወጧቸው ድንጋጌዎች በመንግሥት ሥራ የተሰማሩ ኮንትራክተሮች በአካባቢው የተለመደውን ደመወዝ እንዲከፍሉና ለሠራተኛው የሳምንት ዕረፍት እንዲሰጡ ታዘዙ።

በካናዳ ነገሩን ያነሣው ገና ተማሪ የነበረ ጋዜጣ ጸሐፊ ነው። ዊልያም ላየን ማኬንዚ ኪንግ በ1897 ስለ ቶሮንቶ ድሆች ኑሮ ለጋዜጣ ሲጽፍ፣ በየቤታቸው እየሰፉ ሲውሉ ሲያመሹ የሚያገኙት ግን እጅግ ጥቂት የሆነ ሴቶች አገኘ። የሚሰፉት የፖስታ ቤት ሠራተኞችን የደንብ ልብስ ነበር። ኪንግ ወሬውን ከማሳተሙ በፊት በቀጥታ ወደ ፖስታ ሚኒስትሩ ወደ ዊልያም ሙሎክ ሄደ። ሙሎክም ከዚያ በኋላ በሚፈረሙ ውሎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ አንቀጽ እንዲገባ አዘዙ፤ ኪንግንም በመንግሥት ልብስ ስፌት ላይ ጥናት እንዲያቀርብ ቀጠሩት። ሪፖርቱ በ1898 ወጣ፤ የካናዳ ምክር ቤትም በ1900 የራሱን የፍትሐዊ ደመወዝ ውሳኔ አሳለፈ። በዚያው ዓመት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ኪንግ የመጀመሪያው ምክትል ሚኒስትር ሆነ፤ ኋላም ለረጅም ዘመን የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቃ።

በአሜሪካ መንገዱ ጠማማ ነበር፤ እንቅፋቱም ፍርድ ቤት ነው። በዚያ ዘመን ዳኞች አሠሪና ሠራተኛ የፈለጉትን ውል የመዋዋል ነጻነት አላቸው እያሉ የደመወዝና የሰዓት ሕጎችን በተደጋጋሚ ይሽሩ ነበር። አንድ በር ግን ክፍት ቀረ። የካንሳስ ግዛት በ1891 ለመንግሥት በሚሠራ ሥራ ላይ የስምንት ሰዓት ቀንና የአካባቢውን ደመወዝ የሚያዝዝ ሕግ አወጣች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1903 ግዛቱ ለራሱ የሚሠራለት ሰው በምን ሁኔታ እንደሚሠራ የመወሰን መብት አለው ብሎ አጸደቀላት። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ፍርድ ቤት የኒው ዮርክ ዳቦ ጋጋሪዎችን የሥራ ሰዓት የሚገድበውን ሕግ ሻረ። መንግሥት እንደ ገዢ ሆኖ ማዘዝ የቻለውን እንደ ሕግ አውጪ ማዘዝ አልቻለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የአሜሪካ ተሐድሶ አራማጆች በሙሉ ይህችን በር ያውቋት ነበር።

አገሪቱ በ1917 ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ በሚሊዮን ለሚቆጠር የደንብ ልብስ ትእዛዝ ወጣ፤ ሥራውም እንደ ልማዱ ወደ ጨለማ ክፍሎች ወረደ። የጦር ሚኒስትሩ ኒውተን ቤከር በዚያው ዓመት የጦር ልብስ ሥራ ሁኔታን የሚቆጣጠር ቦርድ ሰየሙ። በቦርዱ ውስጥ ስመ ጥሯ የቀድሞ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ፍሎረንስ ኬሊ ነበረች። በመኖሪያ ቤት የሚሰፋ ልብስ ተከለከለ፤ የሥራ ሰዓትና ክፍያ ተወሰነ። ጦርነቱ ሲያበቃ ቁጥጥሩም አብሮ አበቃ።

በሰላም ጊዜ የመጀመሪያው የፌዴራል የደመወዝ ሕግ ለፋብሪካ ሳይሆን ለግንባታ የወጣው የ1931 የዴቪስ-ቤከን ሕግ ነው። መነሻው አንድ የአላባማ ኮንትራክተር በሎንግ አይላንድ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ለመሥራት ጨረታ አሸንፎ ከደቡብ ጥቁር ሠራተኞችን ማምጣቱ ነበር። የአካባቢው እንደራሴ ሮበርት ቤከን ረቂቁን በ1927 አቀረቡ። በምክር ቤቱ ክርክር አንዳንድ ተናጋሪዎች የጥቁር ሠራተኛን ስም በግልጽ እያነሡ ተናግረዋል። የአካባቢውን ደመወዝ መጠበቅ ከሌላ አካባቢ የመጣውን ድሃ ማስቀረትም ሊሆን እንደሚችል ይህ ምዕራፍ ያሳያል፤ የደንቡ ወዳጆች ሲተርኩት የሚዘሉት ክፍል ነው።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ለፋብሪካዎች ሰፊ መፍትሔ ሞከሩ። በዚያ ዓመት በወጣው የኢንዱስትሪ ማንሰራሪያ ሕግ እያንዳንዱ ኢንዱስትሪ የደመወዝና የሰዓት ደንብ አወጣ፤ ደንቡን ያከበረ ፋብሪካ የሰማያዊ ንስር ምልክት ለጠፈ። ሜይ 27 ቀን 1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብሩክሊን ዶሮ ነጋዴዎች በሼክተር ቤተሰብ ጉዳይ ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። የሠራተኛ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ግን ይህ እንደሚመጣ ጠርጥራ ሁለት ረቂቆች በጠረጴዛዋ መሳቢያ አስቀምጣ ነበር። አንደኛው ለሠራተኛው ሁሉ የደመወዝ ወለል የሚያቆም ነው፤ እርሱ ገና ጊዜው አልደረሰም። ሁለተኛው ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸውን አምራቾች ብቻ የሚመለከት ነበር፤ በ1903 የተከፈተችው በር ለዚህ ትበቃው ነበር።

ረቂቁን ያቀረቡት ሁለቱም የማሳቹሴትስ ሰዎች ናቸው፤ ሴናተር ዴቪድ ዎልሽና የታችኛው ምክር ቤት አባል አርተር ሂሊ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የማሳቹሴትስ የጨርቃ ጨርቅና የጫማ ፋብሪካዎች ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ወደ ደቡብ እየፈለሱ ስለነበር፣ ለግዛቲቱ ሰዎች የደቡቡን ተጫራች ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ሕግ ምጽዋትም ጥቅምም ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ሰፊ ሆኖ ንዑስ ተቋራጮችንም ይይዝ ነበር፤ በምክር ቤቱ ሲመላለስ እየተላጠ ሄደ። ጁን 1 ቀን 1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኒው ዮርክን የሴቶች ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሻረ፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ሩዝቬልት የዎልሽ-ሂሊን የመንግሥት ውሎች ሕግ ፈረሙ። ለአገሩ ሁሉ ሊታዘዝ ያልቻለው ነገር ለመንግሥት አቅራቢዎች ታዘዘ።

ሕጉ ሲወጣ ዋጋቸው ከ10,000 ዶላር በላይ የሆኑ የዕቃ አቅርቦት ውሎችን ይመለከት ነበር። ተጫራቹ ራሱ አምራች ወይም በዕቃው የታወቀ ነጋዴ መሆን ነበረበት፤ ይህ አንቀጽ ፋብሪካም መጋዘንም ሳይኖራቸው ጨረታ ብቻ የሚያሳድዱ ደላሎችን ለማስወጣት የገባ ነው። ሠራተኛው በቀን ከ8 ወይም በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ከሠራ የደመወዙ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለው ነበር። ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ወንዶችና ከ18 በታች የሆኑ ሴቶች፣ እንዲሁም እስረኞች፣ በሥራው ላይ እንዳይሰማሩ ከለከለ። የሥራ ቦታው ለጤናና ለሕይወት አስጊ መሆን የለበትም። ደመወዙ ደግሞ የሠራተኛ ሚኒስትሩ በዚያ ኢንዱስትሪና በዚያ አካባቢ የተለመደ ነው ብሎ ከወሰነው ዝቅተኛ ልክ ማነስ አይችልም። ያጓደለ አምራች ጉድለቱን ይከፍላል፤ ሕፃን ወይም እስረኛ ካሠራ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 10 ዶላር ይቀጣ ነበር፤ ስሙም በጥቁር መዝገብ ገብቶ ለ3 ዓመት ከመንግሥት ውል ሊታገድ ይችላል። ነጋዴው እጅግ የፈራው ይህን የመጨረሻውን ነው። እስረኞችን በሚመለከት አንድ ግርምት አለ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1934 የራሱን የወህኒ ቤት ፋብሪካዎች ድርጅት አቋቁሞ ነበር፤ ያ ድርጅት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማምረቱን ቀጠለ።

የመጀመሪያው ፍጥጫ ከብረት አምራቾች ጋር ሆነ። የሥራ ሳምንታቸው ከ40 ሰዓት በላይ ስለነበር የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ላለመሸከም ከባሕር ኃይሉ ጨረታ ራቁ፤ በ1936 መጨረሻና በ1937 መጀመሪያ ለጦር መርከብ የሚሆን ብረት ማግኘት ችግር ሆነ። ነገሩ የረገበው ማርች 1937 ላይ ትልቁ የብረት ኩባንያ ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ከሠራተኞች ማኅበር ጋር ሲዋዋል የ40 ሰዓት ሳምንትንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ሲቀበል ነው። ኩባንያውን ለዚያ ያበቃው የማኅበሩ ጉልበት ነው ወይስ የመንግሥት ገበያ እየቀረበት መሄዱ? ሁለቱም ድርሻ ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ ለማኅበሩ ብቻ የሚሰጡት ተራኪዎች የባሕር ኃይሉን ብረት ይረሱታል።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር አካባቢ ስንት ይሰፋል የሚል ነው። የፐርኪንስ መሥሪያ ቤት ለብረት ኢንዱስትሪ አገሪቱን በ6 አካባቢዎች ከፍሎ ከማርች 1 ቀን 1939 ጀምሮ የሚጸና ልክ አወጣ። ከአካባቢዎቹ አንዱ ከ12 የሚበልጡ ግዛቶችን ጠቅልሎ የያዘ ነበር። በፔንሲልቬንያ ኮትስቪል ከተማ የሚገኘው የሉከንስ ብረት ፋብሪካና ሌሎች ትንንሽ አምራቾች ከፒትስበርግና ከሌሎች የብረት ከተሞች ጋር በአንድ ሚዛን መመዘናችን ሕግ መጣስ ነው ብለው ከሰሱ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተቀብሎ ልኩን በመላው ኢንዱስትሪ አገደው፤ እግዱ ከዓመት በላይ ቆየ። ኤፕሪል 29 ቀን 1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ሁጎ ብላክ ጸሐፊነት እግዱን አነሣ። ፍርድ ቤቱ የአካባቢውን ስፋት አልመረመረም። የመንግሥት ገበያ ለማንም የተሰጠ መብት አይደለም፣ መንግሥት እንደ ማንኛውም ሰው ከማን እንደሚገዛና በምን ሁኔታ እንደሚገዛ ይወስናል፣ ስለዚህ አምራቾቹ ለመክሰስ መብት የላቸውም አለ።

ሌላው ሙግት የሚገርም መመሳሰል አለው፤ እንደ ራውንድስ የጦር ጫማ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የነበረው ኤንዲኮት ጆንሰን የተባለው ትልቅ የጫማ ኩባንያ ለጦሩ ጫማ ያቀርብ ነበር። ጫማው በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ሕጉን አከብራለሁ፣ ክፍሎቹና ካርቶኑ የሚሠሩባቸው ሌሎች ፋብሪካዎቼ ግን በውሉ አይሸፈኑም ብሎ የእነዚያን የደመወዝ መዝገብ አላሳይም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 መዝገቡን ማሳየት አለበት ብሎ ወሰነ፤ ሕጉ የሚሸፍነውን መጀመሪያ የሚለየው ሚኒስትሩ እንጂ ኩባንያው አይደለም። መዝገብ ካልተገለጠ የደመወዝ አንቀጽ ወረቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ፍርድ ከሉከንሱ ያላነሰ ክብደት ነበረው።

እስከዚያ ድረስ ግን የሕጉ ልዩ ቦታ መሸርሸር ጀምሮ ነበር። ፐርኪንስ በመሳቢያዋ ያቆየችው ሌላው ሐሳብ በ1938 የፍትሐዊ ሥራ መመዘኛዎች ሕግ ሆኖ ወጣ፤ በሰዓት 25 ሳንቲም የሚነሣ የደመወዝ ወለል በግዛቶች መካከል በሚደረግ ንግድ ለተሰማሩ የግል ኢንዱስትሪዎች አቆመ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1941 አጸደቀው። ከዚያ ወዲያ የዎልሽ-ሂሊ ጥቅም ከአጠቃላዩ ወለል ከፍ ያለ ልክ ለየኢንዱስትሪው መወሰን መቻሉ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡ በዓለም መድረክ ከፍ ብሎ ታየ። ብሪታንያ ኦክቶበር 14 ቀን 1946 ሦስተኛውን ውሳኔዋን አሳለፈች፤ ኮንትራክተሩ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹን በሙሉ በደንቡ እንዲያስተዳድር፣ የማኅበር አባልነት መብታቸውንም እንዲያከብር አዘዘች፤ ክርክር ሲነሣም ወደ ገለልተኛ ዳኝነት እንዲመራ አደረገች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጁን 29 ቀን 1949 ይህንኑ መንፈስ የያዘውን 94ኛውን ስምምነት አጸደቀ። ስምምነቱ ግንባታን፣ የዕቃ ማምረትንና አገልግሎትን አንድ ላይ ይይዛል።

በአሜሪካ ደግሞ ደቡቡ መልስ ሰጠ። የአርካንሶው ሴናተር ዊልያም ፉልብራይት በ1952 ባስገቡት ማሻሻያ አምራቾች የደመወዝ ውሳኔን በፍርድ ቤት መቃወም ቻሉ፤ የሉከንስ ፍርድ በሕግ ተሻረ ማለት ነው። ወዲያውም ክስ መጣ። የሠራተኛ ሚኒስቴር በ1953 ለጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ በመላ አገሪቱ አንድ ልክ፣ በሰዓት 1 ዶላር ወስኖ ነበር፤ አጠቃላዩ ወለል ያኔ 75 ሳንቲም ነው። የደቡብ ፋብሪካዎች መላ አገር አካባቢ አይባልም ብለው ተሟገቱ። በመጨረሻ በይግባኝ ተረቱ፤ ግን ሙግቱ ሲያበቃ ዘመኑ 1956 ደርሶ፣ የአገሪቱ ወለል ራሱ 1 ዶላር ሆኖ ነበር።

ሕጉን ያዳከመው ሙግት የተነሣው እንደ ገና ከአርካንሶው ነው። ባልዶር የተባለው የኤሌክትሪክ ሞተር አምራችና ሌሎች ኩባንያዎች ለኢንዱስትሪያቸው የተወሰነው ልክ የተመሠረተበትን የዳሰሳ ጥናት መጠይቆች እንይ አሉ። ሚኒስቴሩ መጠይቁን የሞሉት አሠሪዎች ምስጢራቸው እንደሚጠበቅ ቃል ስለተገባላቸው አላሳይም አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ተቃዋሚው ሊመረምረው በማይችል ማስረጃ ላይ የቆመ ውሳኔ አይጸናም ብሎ ፈረደ። ሚኒስቴሩ ምስጢሩን ቢገልጥ አሠሪዎች መጠይቅ አይሞሉለትም፤ ካልገለጠ ውሳኔው ይወድቃል። ከ1964 ወዲህ በዚህ ሕግ አዲስ የደመወዝ ልክ አልወጣም። ሕጉን የሻረው የለም፤ የደመወዝ አንቀጹ በቦታው ተቀምጦ ከአጠቃላዩ ወለል በላይ የሚናገረው አጣ። የአገልግሎት ሠራተኞች በ1965 የራሳቸውን ሕግ ሲያገኙ የፋብሪካው ሠራተኛ ወደ ኋላ ቀረ።

በሌላ በኩል ማንም ብዙ ያልተከራከረበት የደህንነት አንቀጽ ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። በ1969 በዚሁ ሕግ ሥር የፋብሪካ ጫጫታ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ከ90 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የሚወስን ደንብ ወጣ፤ ልኩ በ1970 ወደ ወጣው አጠቃላይ የሥራ ደህንነት ሕግ ተሻገረ። በደመወዝ ያቃተው ሕግ በጆሮ ጤና ረገድ ለአገሩ ሁሉ መነሻ ሆነ።

በብሪታንያ ፍጻሜው በግልጽ መጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ፣ ማኅበራት በ1946ቱ ውሳኔ በኩል ጭማሪ ማግኘት እንደሚቻል ደርሰውበት ክርክሮቹ በዙ፤ የድሃ ሰፊዎች መከላከያ የነበረው ሰነድ ከገደቡ ማምለጫ መንገድ ሆነ። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ውሳኔው የሥራ ገበያውን ያጨናንቃል ብሎ አቋም ያዘ። በ1982 ብሪታንያ ከ94ኛው ስምምነት ወጣች፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ውሳኔው እንዲሻር ድምፅ ሰጠ፤ ሽረቱ በሴፕቴምበር 1983 ጸና።

የአሜሪካው ሕግ ዛሬም በመጽሐፍ ውስጥ አለ። የ8 ሰዓት ቀን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከ1986 መግቢያ ጀምሮ ቀርቶ የ40 ሰዓቱ ሳምንት ብቻ ሆነ፤ ተጫራቹ አምራች ወይም የታወቀ ነጋዴ ይሁን የሚለው ግዴታ በ1994 ተነሣ። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በ2014 ለኮንትራክተር ሠራተኞች 10 ዶላር ከ10 ሳንቲም፣ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በ2021 15 ዶላር የሰዓት ወለል ሲያዝዙ፣ ትእዛዛቱ ለግንባታና ለአገልግሎት ውሎች ሆነው በዎልሽ-ሂሊ ሥር ያሉትን የዕቃ ማምረቻ ውሎች አልነኩም። የ2021 ትእዛዝ በማርች 2025 ተሻረ። ለመንግሥት ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ሠራተኛ በፌዴራል ሕግ የሚጠበቅለት ዝቅተኛ ደመወዝ ከጁላይ 2009 ጀምሮ የጸናው አጠቃላይ ወለል፣ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ የሚሠራበት ግዛት ከዚያ ከፍ ያለ ከወሰነ ደግሞ የግዛቱ ይሠራል።